የተልባ ዱቄት መቼ ተፈጨ?

ከባልትና ቤቴ ፊት ለፊት ባለው ሱቅ አንድ የተልባ ዱቄት እሽግ ይሸጣል። ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለጨጓራ፣ ለኮሌስትሮል፣ ለሆድ ድርቀት፣ ለቦርጭና ለፊት ጥራት እንደሚበጅ በቀይ ቀለም ተጽፎበታል። አገላብጬ አየሁት። ተልባው መቼ እንደታመሰ፣ መቼ እንደተፈጨ የሚናገር አንዲት መስመር የለውም። ማሸጊያው ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ቀጥ ብሎ ይመታዋል።

ብዕር ያነሳሁት በዚህ ምክንያት ነው። ስለ ዘር ምግቦች ጥቅም የሚያወራ ሞልቷል፤ ሬዲዮው ያወራል፣ ስልኩ ያወራል፣ ጎረቤት ያወራል። ስለ አያያዛቸው ግን ትንፍሽ የሚል የለም ማለት ይቻላል።

ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት በአንድ የምግብ ዘይት ፋብሪካ የጥራት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ያረጀሁት የኑግና የሱፍ ዘይት ስመዝን፣ ስለካና ስቀምስ ነው። አሁን ሾላ ገበያ አካባቢ ትንሽ ባልትና ቤት ይዣለሁ። ኑሮዬን የሚደጉሙት በርበሬና ሽሮ ናቸው፤ ልቤ ግን ከቅባት እህሎቹ ጋር ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደጃፌ ላይ ሰው የሚያሰልፉልኝም ተልባና ሱፍ ናቸው።

ሰሞኑን ወጣቶቹ ገብተው የሚጠይቁኝ ሌላ ሆኗል። «እትዬ፣ ቺያ የለም?» ይሉኛል። አለ፤ እሸጣለሁ፣ ነጋዴ ነኝ። ሳልናገር ግን አልሸጥም። ቺያ ከሜክሲኮና ከጓቲማላ የመጣ ዘር ነው፤ መልካም ምግብ ነው፣ አንዳች ክፋት የለውም። ዋጋው ግን በእኔ ሱቅ እንኳ ከተልባው በብዙ ይበልጣል፤ ልጆቹ ልዩነቱን የሚከፍሉት ለምን እንደሆነ ማወቅ አለባቸው።

ቁጥሩ ይኸውላችሁ። በ100 ግራም ተልባ ውስጥ 42 ግራም ያህል ቅባት፣ 18 ግራም ፕሮቲንና 27 ግራም አሰር፣ ማለትም ፋይበር፣ አለ። ከቅባቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው፣ 22 ግራም ገደማ፣ ኦሜጋ 3 ነው። ቺያ ጋ ስንሄድ ቅባቱ 31 ግራም አካባቢ፣ ፕሮቲኑ 17 ግራም ያህል፣ ኦሜጋ 3ቱ ደግሞ 18 ግራም ገደማ ነው። ቺያ የሚበልጥበትም አለ፤ ፋይበሩ 34 ግራም ይደርሳል፣ ካልሲየሙም ከተልባው ከእጥፍ በላይ ነው። ተልባ በበኩሉ ሊግናን በሚባለው ንጥረ ነገር እጅግ ከበለጸጉት ምግቦች አንዱ ነው። እንግዲህ ለካልሲየም ብሎ ቺያ የሚገዛ ሰው አውቆ ገዝቷል። ለኦሜጋ 3 ብሎ የሚገዛው ግን እናቱ ጓዳ ያለውን ትቶ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ሻጭ አይነግራችሁም። የዘር ኦሜጋ 3 የዓሣው ኦሜጋ 3 አይደለም። አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ ይባላል፤ ሰውነታችን ወደ ዓሣው ዓይነት የሚቀይረው ጥቂቱን ብቻ ነው። በጾም ዓሣ ይበላል፣ አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትቼ፣ ተልባ ዓሣን ሙሉ በሙሉ ይተካል ብዬ ለማንም አልምልም። የራሱ የሆነ ጥቅም ስላለው የሌላ ስም መዋስ አያስፈልገውም።

ያ ጥቅም በሰው ላይ ተሞክሯል። ካናዳ፣ ዊኒፔግ ከተማ ውስጥ የእግር ደም ሥር መጥበብ ያለባቸውን 110 ሕሙማን ለሁለት ከፍለው፣ ለግማሾቹ በየቀኑ 30 ግራም የተፈጨ ተልባ ሰጧቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታተመ። በስድስተኛው ወር ተልባ የበሉት ሰዎች የላይኛው የደም ግፊት ካልበሉት በ10፣ የታችኛው በ7 ነጥብ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሕሙማኑ ጥቂት ናቸው፣ በሽታቸውም የተለየ ነው፤ ስለዚህ ማንም ይህን አንብቦ የግፊት ኪኒኑን እንዳይጥል። እኔን የሳበኝ አሰጣጡ ነው። ተልባውን በአመዛኙ እንደ መድኃኒት በማንኪያ አላዋጧቸውም፤ በዳቦ፣ በኬክና በፓስታ ውስጥ ጨምረው ነው ያበሏቸው። ደግሞም የተፈጨ ነው።

መፈጨቱ ላይ አጥብቄ እቆማለሁ። የተልባ ቅርፊት ጠንካራና የሚያንሸራትት ነው፤ ሳይፈጭ የተዋጠ ተልባ አብዛኛው እንደገባ ይወጣል። ሆድን ያለሰልሳል፣ እሱ ልክ ነው፤ ቅባቱና ሊግናኑ ግን ለሰውነት ሳይደርሱ ያልፋሉ። እናቶቻችን ይህን በላቦራቶሪ አላወቁትም፤ ግን አምሰው፣ ወቅጠው፣ በጥብጠው ነው የሚያቀርቡት።

ችግሩ የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው። ያ ቅርፊት የዘሩ መከላከያ ነው። ተልባ በቅርፊቱ እያለ፣ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ፣ ከዓመት በላይ ይቆያል። ሲፈጭ ግን ዘይቱ ለአየርና ለብርሃን ይጋለጣል። ኦሜጋ 3 ደግሞ በተፈጥሮው ኦክስጅን የሚያጠቃቸው ሦስት ድርብ ቦንዶች ስላሉት ከኑግ ወይም ከሱፍ ዘይት ይልቅ ቶሎ ይበላሻል። የተልባ ዘይት ለዘመናት የሰዓሊዎች ዘይት የሆነው በዚሁ ጠባዩ ነው፤ ሸራው ላይ አየር ሲያገኘው ይደርቃል። ለሥዕል የሚፈለገው ጠባይ ለምግብ ጠላት ነው።

ፋብሪካ ሳለሁ የዘይትን መበላሸት የምናውቅበት አንድ ምርመራ ነበር፤ የፐርኦክሳይድ ልኬት እንለዋለን። ጥቂት ዘይት በብልቃጥ ይመዘንና አሴቲክ አሲድና ክሎሮፎርም ይጨመርበታል፤ ከዚያ ፖታሲየም አዮዳይድ። ዘይቱን ኦክስጅን ጎድቶት ከሆነ አዮዲን ይለቀቃል፤ ስታርች ጠብ ሲደረግበት ብልቃጡ ድብን ብሎ ይጠቁራል፣ ሰማያዊ ይሆናል። ከዚያ ሰማያዊው ድንገት እስኪጠፋ ድረስ ታዮሰልፌት በጠብታ መልቀቅ ነው። ብዙ ከፈጀ ዘይቱ አርጅቷል። ለተጣራ ዘይት ዓለም አቀፉ ጣሪያ በኪሎ 10 ሚሊኢኩቫለንት ነው፤ ከዚያ ካለፈ ፈርሜ አላስወጣም ነበር። አለቆቼ በዚህ ምክንያት ብዙም አይወዱኝም ነበር፤ ይሁን።

አሁን ብልቃጥ የለኝም፣ አፍንጫ አለኝ። ትኩስ የተልባ ዱቄት የለውዝ መዓዛ አለው። የተበላሸው ቀለም ቀለም ይሸታል፣ ምላስ ላይ ይመርራል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። ብዙ ሰው ይህን ምሬት «የተልባ ጣዕም ነው» ብሎ ስኳር ይጨምርበታል። የተልባ ጣዕም እንዲያ አይደለም።

ፍርድ እንዳላጓድል፣ የተፈጨ ተልባ ሁሉ በማግስቱ ይበላሻል አላልኩም። በጥንቃቄ የተፈጨ፣ ብርሃን በማያስገባ ዕቃ ተከድኖ ቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ ዱቄት ወራትን ይሻገራል። ሊግናኑ ራሱ ዘይቱን ይጠብቃል። የእኛ ጣጣ ሌላ ነው። ተልባው እስኪጠቁር ይታመሳል፣ ከወፍጮ እንደወጣ በትኩሱ ላስቲክ ውስጥ ይታሸጋል፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይደረደራል። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሚበላ ደግሞ ሻጩም ገዢውም አያውቁም።

ማመሱን አልቃወምም። በጥሬ ተልባ ውስጥ በጥቂቱ ሳያናይድ ሊለቁ የሚችሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ በቀን ሁለት ሦስት ማንኪያ ለሚበላ ሰው የሚያሰጋ መጠን አይደለም፣ ሙቀት ደግሞ ይቀንሳቸዋል። ስለዚህ አበው «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» ያሉለት ዘር ምጣድ ላይ መንጫጫቱ ለበጎ ነው። እኔ ምጣዱን መካከለኛ እሳት ላይ ጥጄ፣ እጄን ሳላቋርጥ አማስላለሁ። መንጣጣቱ ሲበረታ፣ ጥቂቶቹ ፍሬዎች ዘለው ክንዴን ሲነኩኝ፣ ሰፌድ ላይ ገልብጬ አበርደዋለሁ። ጭስ ከታየ አልፏል። እስኪቀዘቅዝ ወፍጮ አይነካም። ከዚያም ደንበኛ እየጠበቀ ነው የምፈጨው፤ እሽጉ ላይ በእስክሪብቶ ቀን እጽፋለሁ። መጠበቅ የማይወድ ጥሬውን ይወስዳል።

ሱፍን ሳልጠቅስ ካለፍኩ ሱፍ ይቀየመኛል። የሱፍ ፍትፍት የሚባለውን ያልበላ ጾመኛ ያለ አይመስለኝም፤ ሲዘጋጅ ቀረብ ብሎ ያየ ግን እየተመናመነ ነው። ሱፉ ታጥቦ ይቀቀላል፣ ደርቆ ይፈጫል፣ በውሃ ተበጥብጦ በነጭ ጨርቅ ይጠለላል። ገለባው ጨርቁ ላይ ይቀርና ከሥር ነጭ ወተት ይወርዳል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያ ገባ ገባ ይልና እንጀራ ይፈተፈትበታል። ይህ ወተት የሱፍ ዘይትና ፕሮቲን በውሃ ውስጥ ተበትነው የሚገኙበት ነው፤ ከዘይቱ ሦስት አራተኛው ገደማ ሊኖሌይክ አሲድ የተባለው ኦሜጋ 6 ነው። በዛሬ ቋንቋ «የዕፅዋት ወተት» ይባላል። ሱፐርማርኬት ገብታችሁ ከውጭ የመጣ የአጃ ወተት በካርቶን ታገኛላችሁ። የሱፍ ወተት በካርቶን ግን እኔ አላየሁም። ሠርቶ፣ አፍልቶ፣ አሽጎ፣ ለጾም ገበያ የሚያቀርብ አንድ ወጣት ቢነሳ የመጀመሪያዋ ደንበኛ እኔ ነኝ፤ ተፎካካሪዬ እንደሚሆን እያወቅኩ።

ሰሊጥም የራሱ ታሪክ አለው። የሁመራ ነጭ ሰሊጥ በእስራኤል ታሂና ቤቶች ተፈላጊ ነው፤ እዚያ የሚኖሩ ዘመዶቻችን የሚገዙት ታሂና ጠርሙስ ላይ የኢትዮጵያ ሰሊጥ መሆኑ ለጥራት ማስታወቂያ ተደርጎ ይጻፋል። እኛ በጆንያ እንልከዋለን፣ ሌላው በጠርሙስ ይሸጠዋል፤ ይህ የታወቀ ስለሆነ አላለቅስበትም። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ካልሲየሙ ያለው ቅርፊቱ ላይ መሆኑን ነው። ያልተፈተገ ሰሊጥ በ100 ግራም 975 ሚሊግራም ካልሲየም አለው፤ ሲፈተግ አብዛኛውን ያጣል። ቅርፊቱ ውስጥ ያለው ኦክሳሌት ከካልሲየሙ ከፊሉን ስለሚይዘው ቁጥሩ እንዳለ አጥንት ይገባል ማለት አይደለም፤ ቢሆንም ሰሊጣችንን ከነቅርፊቱ አምሰን መውቀጣችን ብልህነት ነው።

የዱባ ፍሬ ደግሞ አለ። ዱባ ወጥ በሚሠራበት ቤት ሁሉ ፍሬው ከነጭቃው ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። የተላጠ የዱባ ፍሬ በ100 ግራም 30 ግራም ፕሮቲን፣ ከ7 ሚሊግራም በላይ ዚንክ አለው። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ትንሽ ጨው ነስንሶ ማመስ ብቻ ነው። ከዚህ በላይ የሚባል የለውም፤ ቆሻሻ አትጣሉት።

ኑግ ላይ ግን ቆጣ ማለት እፈልጋለሁ። ኑግ የዚህች አገር ዘር ነው፤ የሳይንስ ስሙ ራሱ አቢሲኒካ ነው የሚለው። ዘይቱ የልብ ወዳጅ ነው፤ ከሚረጋው የፓልም ዘይት ጋር አይነጻጸርም፣ የፓልሙ ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ቅባት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የላም ወተት ውስጥ አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ አግኝቶ፣ ምንጩን ሲከታተል ለላሞቹ መኖ የሚሆነው የኑግ ፋጉሎ ላይ ደረሰ። ከ110 የወተት ናሙናዎች የአውሮፓን ጣሪያ ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። ኑጉ ምን አደረገ? ያጠፋው እርጥብ መጋዘንና ቸልተኛ ክምችት ነው። ምርጥ ዘር በመጥፎ አያያዝ መርዝ ሆኖ በወተት በኩል ወደ ሕፃን አፍ ይሄዳል። የተልባው ዱቄት ነገር ከዚህ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው፤ ሥሩ ግን አንድ ነው።

አሁን ወደ መንግሥትና ወደ ነጋዴው ልምጣ። ዓለም «ከመጥገብ ያለፈ ጥቅም ያለው ምግብ» የሚለውን ሐሳብ በሕግ መምራት ከጀመረ ቆይቷል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1991 የጤና ጥቅማቸው ተመርምሮ ፈቃድ ለሚያገኙ ምግቦች የተለየ ሥርዓት አወጣች። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ቺያ ወደ ዳቦ እንዲገባ ሲፈቅድ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ብሎ ወሰነ። የካናዳ ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2014 የተፈጨ ተልባ ኮሌስትሮልን ለመቀነስ ይረዳል ተብሎ እንዲጻፍ ፈቀደ፤ በቀን 40 ግራም ብሎ መጠኑን ቆርጦ። ልብ በሉ፣ «ያድናል» አላለም፣ ሰባት በሽታም አልደረደረም። አንድ ጥቅም፣ አንድ መጠን።

እኛም ለዚህ እንግዳ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ፋፋን ሠራ፤ እህልና ጥራጥሬ ከወተት ዱቄትና ከቫይታሚን ጋር ተቀምሞ ስንት ሕፃን አሳደገ። ያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1968 የኢትዮጵያን ምግቦች ይዘት በሰንጠረዥ አሳተመ። ምግባችን ተለክቷል፣ የሚለካ ሰውም አለን። የዚያ ዘመን ሰዎች ዛሬ ቢኖሩ ለተማሪዎች ምገባ በሚቀርበው ዳቦ ውስጥ የተፈጨ ተልባና ሰሊጥ ለማስገባት ስንት ስብሰባ ያስፈልጋቸው ነበር? ከአንድ የሚበልጥ አይመስለኝም። ተልባ በዳቦ ውስጥ ሲጋገር ኦሜጋ 3ቱ በአመዛኙ እንደማይጠፋ ታይቷል፤ ቡኮው ውስጥ ከአየር ይጠለላል። ዳቦው ደግሞ በዕለቱ ስለሚበላ የእኔ ጭንቀት የሆነው ዕድሜ አያሳስብም።

ለደረጃዎች ኢንስቲትዩትና ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። ማንኛውም የተፈጨ የቅባት እህል እሽግ የተፈጨበት ቀን ይጻፍበት፣ ጥሬ ይሁን የታመሰ ይገለጽ፣ ማሸጊያው ብርሃን አያስገባ። «ለስኳር፣ ለግፊት» የሚለው ጽሑፍ ማስረጃ እስኪቀርብለት ይነሳ። የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው እንዲህ ያለውን ጽሑፍ በአብሽ እሽግ ላይ አይቶ አብሹን በኪኒኑ ላይ ቢያበዛ ስኳሩ ከመጠን በላይ ሊወርድበት ይችላል፤ እሽጉ ላይ ይህን ያስጠነቀቀ አላጋጠመኝም።

የሙያ ጓደኞቼ ሲሰሙኝ ይስቃሉ። «ቀን ከጻፍሽ ያላለቀውን ልትጥይው ነው» ይሉኛል። አልጥልም፤ ትንሽ ትንሽ እፈጫለሁ። ጥሬው ዘር ጆንያ ውስጥ አይከስርም፣ የሚከስረው ዱቄቱ ነው። «የመብራት ነገርስ?» ይላሉ። መብራት ሲጠፋ ሙቀጫ አለ፤ ክንዴም ገና አልደከመም። አንዱማ «ሰው ቀን አያነብም» አለኝ። መድኃኒት ላይ ያነባል፣ ወተት ላይ ያነባል፤ ተልባ ላይ ያላነበበው ስላልተጻፈለት ነው።

ሕጉ እስኪወጣ ገዢው ራሱ ይጠይቅ። ሻጩ የተፈጨበትን ቀን ካላወቀ ጥሬውን ግዙና በቤት የቡና መፍጫ ለሳምንት የሚበቃችሁን ብቻ ፍጩ፤ መፍጫው መጀመሪያ በደንብ ይጠረግ፣ ቡናና ተልባ አይዋደዱም። የተረፈውን ዱቄት ክዳን ባለው ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡ። በቀን ሁለት ማንኪያ ይበቃል፣ ውሃ አብዝታችሁ ጠጡበት፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አትጀምሩ።